‹‹አጥፋ››፣ ‹‹አቋርጥ››፣ ‹‹ንቀል››፦ ስለ ተሽከርካሪ ዊንች መመሪያ አተረጓጐም የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የሙያ ቃላትን ስለ መፍጠርና ስለ መተርጐም የሚጻፈው ሂስ በአብዛኛው የሚመዝነው የቃሉን ምንጭ ነው። ቃሉ ከግዕዝ ተወሰደ ወይስ ከአማርኛ ሥር ተበጀ፣ እርባታው ይሰምራል ወይስ አይሰምርም፣ ለጆሮ ይጥማል ወይስ ይጐረብጣል የሚሉት ጥያቄዎች በየጊዜው ይነሣሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከተነገረ በኋላ ሰሚው በእጁ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ የዚያኑ ያህል ትኩረት አግኝቷል ለማለት አይቻልም። ቃሉ በታሪክ ወይም በልብ ወለድ ውስጥ የሚገኝ ቢሆን የዚህ ጥያቄ መጓደል የሚያስከትለው ጉዳት ከመደናገር አያልፍም። በጥንቃቄ መመሪያ ውስጥ ሲሆን ግን ጉዳቱ በሰው ገላ ላይ ይታያል።

ለዚህ ሂስ የመረጥነው ጉዳይ ጠባብ ነው። ዊንች የተገጠመለት መኪና የፊት ፍርግርጉ፣ ማለትም ግሪሉ፣ ከመቀየሩ በፊት የዊንቹ የኤሌክትሪክ ገመዶች ያለ አደጋ እንዴት ከባትሪው እንደሚለዩ የሚያስረዳ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚያጋጥመው ችግር ነው። የጉዳዩ ጠባብነት ግን ለሐተታው ይጠቅማል። ምክንያቱም በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ ‹‹ማጥፋት››፣ ‹‹መዝጋት››፣ ‹‹ማቋረጥ››፣ ‹‹መንቀል›› እና ‹‹መፍታት›› የተባሉት ግሦች ጐን ለጐን ስለሚሰለፉ የእያንዳንዳቸው ወሰን ጐልቶ ይታያል።

1. ሥራውና ቦታው

ነገሩ ከኑሯችን የራቀ አይደለም። በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ፣ እንዲሁም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚወስዱት መንገዶች አካባቢ መኪና የሚጠገንባቸው ጋራዦች አሉ። ከበላያቸው የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አስፋልት ያልለበሱት የባሕር ዛፍ ደን መንገዶቹ በክረምት ጭቃ ይሆናሉ። ዊንች የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቦታ ነው፤ ጭቃ የያዘው መኪና የዊንቹን ገመድ ከጠንካራ ግንድ ወይም ከሌላ መኪና ጋር አስሮ ራሱን በራሱ ጐትቶ ይወጣል። በዚያው ጉዞ ከቅርንጫፍና ከድንጋይ ጋር ቀድሞ የሚጋጨው የመኪናው ፊት ስለሆነ፣ ዊንች ያለው መኪና ፍርግርጉ ተሰብሮ ጋራዥ ቢገባ የሚያስደንቅ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ለውጥ ልብ ሊባል ይገባል። በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የመጣውና ሕዝቡ ‹‹ኦራል›› እያለ የሚጠራው ካሚዮን ዊንች ሲኖረው፣ ዊንቹ የሚዞረው ከሞተሩ በሚመጣ የብረት ዘንግ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ዊንች ‹‹ሞተሩን አጥፋ›› የሚለው ትእዛዝ በቂ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ዊንቹን የሚያዞር ኃይል የለምና። በዛሬዎቹ ቀላል መኪናዎች ላይ በብዛት የሚገጠመው ግን በባትሪ የሚሠራ ነው። ወፍራም ገመዶቹ በአብዛኛው በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይታሰራሉ እንጂ በመኪናው ቁልፍ በኩል አያልፉም። ዊንቹ ሙሉ ጭነት ሲይዝ በ12 ቮልት 400 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ ብዙዎቹ በመስመራቸው ላይ ፊውዝ የላቸውም። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ሾፌሩ ወደ ቤቱ ሄዶ እንኳ የዊንቹ ገመድ የባትሪውን ኃይል እንደ ያዘ ነው።

ፍርግርጉን የሚፈታው ሠራተኛ መፍቻውን የሚያስገባው በእነዚህ ገመዶች አጠገብ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ሶሌኖይዱም የሚገኘው እዚያው ከፍርግርጉ ኋላ ወይም ከበላዩ ነው። መፍቻው በአንድ ጫፉ የመደመር ምልክት ካለበት የባትሪ ጫፍ የሚመጣውን ብረት፣ በሌላ ጫፉ የመኪናውን ቦዲ ከነካ፣ ባትሪው ኃይሉን በመፍቻው ውስጥ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። መፍቻው ይግላል፤ ከብረቱ ጋር ሊበየድ ይችላል፤ በጣት ላይ ያለ ቀለበት ሥጋ ያቃጥላል፤ ገመዱ ይነድዳል። የቃላት ምርጫችን የሚመዘነው ከዚህ አንጻር ነው።

2. የናሙናው ጽሑፍ

ከዚህ በታች ያለው ናሙና ከአንድ ከታወቀ መጽሐፍ የተወሰደ አይደለም። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል የሚከተለው የአተረጓጐም ስልት ምን እንደሚመስል እንዲያሳይ እኛው ያዘጋጀነው ነው። ስልቱን ግን የቴክኒክ መመሪያ የሚያነብ ሁሉ ወዲያው ይለየዋል።

‹‹ግሪሉ ከመተካቱ በፊት የተሽከርካሪው ኃይል ይዘጋል። የባትሪው አሉታዊና አዎንታዊ ገመዶች ይቋረጣሉ። ክፍት ዑደት መኖሩ ይረጋገጣል። ገመዱ ከከበሮው እንዳይላቀቅ ጥንቃቄ ይደረጋል። የኤሌክትሪክ ንዝረት አደጋ ሊያጋጥም ይችላል።››

ይህ ጽሑፍ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ፊደሉ የጠራ፣ ቃላቱም ‹‹የተማረ ሰው›› ቃላት ናቸው። ሆኖም በየዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሠራተኛውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር አለበት። ተራ በተራ እንመልከተው።

3. ሦስት ድርጊቶችና አንድ ግሥ

‹‹ይቋረጣሉ›› የተባለው ግሥ በአማርኛ ሰፊ ግዛት አለው። መንገድ ይቋረጣል፤ ትምህርት ይቋረጣል፤ ስልክ ይቋረጣል። ስልክ ሲቋረጥ ሽቦው በቦታው እንዳለ ነው፤ የተቋረጠው ጭውውቱ ነው። የተቋረጠ ነገር ባለበት ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፤ ‹‹መብራት ተቋርጦ መጣ›› የምንለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ‹‹ገመዱ ይቋረጣል›› ሲባል ሰሚው ብረት ከብረት መለየት እንዳለበት በግድ አይረዳም፤ ማብሪያና ማጥፊያውን መጫን ይበቃል ብሎ ቢያስብ ቃሉ አይቃወመውም። በሌላ በኩል ‹‹ማቋረጥ›› ከ‹‹መቁረጥ›› ጋር ያለው ዝምድና ስለሚሰማ፣ ገመዱን በፒንሳ ቁረጥ ተባልኩ ብሎ የሚያስብ ጀማሪም ሊኖር ይችላል። ኃይል የያዘ ወፍራም ገመድ በፒንሳ መቁረጥ ደግሞ ልንከላከለው የተነሣነውን አደጋ ራሱን መጥራት ነው።

በእኛ አስተያየት መመሪያው ሦስት ድርጊቶችን መለየት አለበት። የመጀመሪያው ማጥፋት ነው፤ መኪናው መሥራቱን ያቆማል፣ የዊንቹ ገመድ ግን ኃይል አለው። ሁለተኛው ማቋረጥ ነው፤ በማጥፊያ አማካይነት ኃይሉ እንዳያልፍ ይደረጋል፣ ገመዱ ግን እንደ ታሰረ ነው፣ አንድ ሰው ማጥፊያውን ቢነካው ኃይሉ ይመለሳል። ሦስተኛው ፈትቶ ማራቅ ነው፤ የገመዱ ጫፍ ከባትሪው ጫፍ ተለይቶ ተመልሶ ሊነካው ከማይችልበት ቦታ ይቀመጣል። ለፍርግርግ ሥራ የሚያስፈልገው ሦስተኛው ብቻ ነው። አማርኛ ለሦስቱም የተለያየ ግሥ እያለው ተርጓሚው ሁሉንም በአንድ ‹‹ማቋረጥ›› ውስጥ መክተቱ የቋንቋው ድህነት ሳይሆን የራሱ ችኮላ ነው።

‹‹መንቀል›› እና ‹‹መፍታት››ም በጥንቃቄ ይለዩ። የሚነቀለው ተሰክቶ የቆመ ነገር ነው፤ ችግኝ፣ ጥርስ፣ ሶኬት። የሚፈታው የታሰረ ነገር ነው፤ ቋጠሮ፣ ቡሎን። የዊንቹ የእጅ መቆጣጠሪያ በሶኬት የተሰካ ስለሆነ ይነቀላል፤ የባትሪው ገመድ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ይፈታል። ‹‹የባትሪውን ገመድ ንቀል›› የተባለ ጀማሪ ጐትቶ ሊያወጣው ይሞክራል፤ ሲጐትተውም የባትሪውን ጫፍ ይሰብራል።

4. ‹‹ክፍት›› ማለት ምን ማለት ነው?

ከናሙናው ሁሉ የከፋው ‹‹ክፍት ዑደት መኖሩ ይረጋገጣል›› የሚለው ነው። በኤሌክትሪክ ትምህርት ቋንቋ ክፍት ዑደት ማለት መስመሩ ተለያይቶ ኃይል የማያልፍበት፣ ዝግ ዑደት ማለት ደግሞ መስመሩ ተያይዞ ኃይል የሚያልፍበት ነው። በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ውስጥ ያለው ሥዕል ግን ተቃራኒው ነው። ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይፈስሳል፤ ሲዘጋ ይቆማል። ሬዲዮ ‹‹ክፈት›› ሲባል እንዲናገር፣ ‹‹ዝጋ›› ሲባል ዝም እንዲል ነው። እንግዲህ ‹‹ክፍት ዑደት መኖሩን አረጋግጥ›› የተባለ ሠራተኛ በቋንቋው ሕግ መሠረት የሚረዳው ‹‹ኃይል መኖሩን አረጋግጥ›› የሚለውን ነው።

ናሙናው ይህን ግጭት በራሱ ውስጥ ይዞታል። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ‹‹ኃይል ይዘጋል›› ሲል ‹‹መዝጋት››ን በአማርኛ ትርጉሙ፣ ማለትም ማስቆም በሚለው፣ ተጠቅሞበታል። በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ‹‹ክፍት ዑደት›› ሲል ደግሞ ‹‹ክፍት››ን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ ማለትም ኃይል የማያልፍበት በሚለው፣ ተጠቅሞበታል። ሁለቱን አጥብቆ የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ እንዲዘጋ፣ ቀጥሎ ክፍት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ታዝዟል። ምን ያድርግ?

ለዚህ የምናቀርበው መፍትሔ ቀላል ነው። ለመስመሩ ሁኔታ ‹‹የተቋረጠ መስመር›› እና ‹‹የተያያዘ መስመር›› ቢባል ከአማርኛው አሳብ ጋር ይስማማል። ‹‹ማቋረጥ››ም እውነተኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ የሚቋረጠው መስመሩ ነው፣ የሚፈታው ገመዱ ነው። ‹‹ክፍት ዑደት›› በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ከመምህሩ ማብራሪያ ጋር ሊኖር ይችላል፤ ማብራሪያ በሌለበት የጥንቃቄ መመሪያ ውስጥ ግን ሊገባ አይገባውም።

5. የገመድ መንታነት

በዊንች ላይ ሁለት ዓይነት ገመድ አለ። አንዱ መኪናውን የሚጐትተው፣ ከተገመዱ ሽቦዎች ወይም ከሰው ሠራሽ ጭረት የተሠራው ነው። ሌላው ኃይል ከባትሪው የሚያመጣው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ‹‹ሽቦ›› የተባለውም ቃል ለሁለቱም ያገለግላል። ናሙናው በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ‹‹ገመዶች›› ሲል የኤሌክትሪኩን፣ በአራተኛው ‹‹ገመዱ›› ሲል የመጐተቻውን ማለቱ ነው፤ ይህንን የሚያውቀው ግን ሥራውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። መመሪያው ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ከሆነ ‹‹የኃይል ገመድ›› እና ‹‹የመጐተቻ ገመድ›› እየተባሉ እስከ መጨረሻው ተለይተው መጠራት አለባቸው። በአማርኛ ድርሰት አንድን ቃል ደጋግሞ መጥራት እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ በመመሪያ ውስጥ ግን ድግግሞሹ ግዴታ ነው።

‹‹ከበሮ›› የሚለውም እንግሊዝኛውን በቅርጽ የተከተለ ስያሜ ነው። የኛ ከበሮ የሚመታ እንጂ የሚጠመጠምበት አይደለም። ፈትል የሚጠቀለልበትን የሸማኔ መሣሪያ ‹‹ማጠንጠኛ›› የሚል ቋንቋ፣ የዊንች ገመድ የሚጠቀለልበትን ክፍልም በዚሁ ስም ቢጠራው ማንም ሳይተረጐምለት ይገባዋል።

6. ቅደም ተከተልና የግሥ መልክ

ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበት፣ ቀጥሎ የመደመር ምልክት ያለበት ጫፍ ይፈታል፤ ሲታሰር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዛሬዎቹ መኪናዎች ላይ የመቀነሱ ጫፍ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ነው። የመቀነሱን ጫፍ ሲፈቱ መፍቻው ቦዲውን ቢነካ ሁለቱ አስቀድመው የተገናኙ ስለሆኑ ምንም አይደርስም። የመቀነሱ ጫፍ ከተፈታ በኋላ የመደመሩን ሲፈቱ መፍቻው ቦዲውን ቢነካም ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ የለም። ከመደመሩ የጀመረ ሰው ግን መፍቻው ካመለጠው እሳት በእጁ ይፈጥራል።

ናሙናው ‹‹አሉታዊና አዎንታዊ ገመዶች ይቋረጣሉ›› ሲል ይህን ሁሉ ሕይወት አድን ዕውቀት በአንዲት ‹‹ና›› አጥፍቶታል። ‹‹ና›› ያጣምራል እንጂ አያስከትልም። አማርኛ ቅደም ተከተልን የሚገልጽበት የታወቀ መልክ አለው፤ ‹‹ፈትቶ››፣ ‹‹አርቆ››፣ ‹‹ጠቅልሎ›› የሚለው የቦዝ አንቀጽ አንዱ ድርጊት ሳያልቅ ሌላው እንደማይጀመር ያለ ተጨማሪ ቃል ያስረዳል። ይህን የቋንቋውን ጸጋ ትቶ በ‹‹እና›› መደርደር ከእንግሊዝኛ የተወረሰ ልማድ ነው።

ስለ ‹‹አሉታዊ›› እና ‹‹አዎንታዊ››ም አንድ ነገር መባል አለበት። ቃላቱ በሰዋስው ለአሉታና ለአዎንታ ዐረፍተ ነገር ጥሩ ሆነው ያገለግላሉ። በጋዜጣና በሬዲዮ ቋንቋ ግን ‹‹አሉታዊ ተጽዕኖ›› መጥፎ፣ ‹‹አዎንታዊ አመለካከት›› መልካም ማለት ሆኗል። ይህን የለመደ ጆሮ ‹‹አሉታዊ ጫፍ›› ሲባል የሚያስፈራው እሱ ነው ብሎ፣ አዎንታዊውን ሳይሰጋ ሊነካ ይችላል፤ አደጋው ግን ያለው በአዎንታዊው በኩል ነው። በባትሪው ላይ የታተሙት የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ናቸውና ‹‹የመደመር ጫፍ››፣ ‹‹የመቀነስ ጫፍ›› ቢባል ቃሉና ዓይን የሚያየው ነገር አንድ ይሆናሉ። በገመዱ ቀለም ብቻ መታመን ግን አይገባም፤ ገመድ በተቀየረበት አሮጌ መኪና ላይ ሁለቱም ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉና።

የመጨረሻው ነጥብ የግሡ መልክ ነው። ‹‹ይቋረጣሉ›› ትእዛዝም ዜናም ሊሆን ይችላል። ‹‹ኃይል ሲዘጋ ገመዶች ይቋረጣሉ›› ብሎ የተረዳ አንባቢ፣ ነገሩ በራሱ የሚሆን መስሎት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ በመመሪያ ውስጥ አድራጊው የታወቀ ትእዛዝ ይመረጣል፤ በአክብሮት ‹‹ይፍቱ››፣ ‹‹ይንቀሉ››። ይሁን እንጂ ‹‹ይፍቱ›› እና ‹‹ይፈቱ››፣ ‹‹ይንቀሉ›› እና ‹‹ይነቀሉ›› የሚለያዩት በአንድ ፊደል መልክ ብቻ ስለሆነ አራሚዎች ከሌላው ጽሑፍ ይልቅ እዚህ ላይ ዓይናቸውን ሊያሹ ይገባል።

7. አደጋው በስሙ ይጠራ

‹‹የኤሌክትሪክ ንዝረት አደጋ›› የሚለው ማስጠንቀቂያ ለ220 ቮልት የቤት መስመር የሚስማማ ነው። ሕዝቡ ‹‹ኮረንቲ ያዘው›› የሚለው ይህንኑ ነው። የ12 ቮልት ባትሪ ግን በደረቅ እጅ ቢነኩት በተለመደው ሁኔታ ሰው አይዝም፤ ይህንንም የጋራዥ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ‹‹ኮረንቲ ይይዝሃል›› የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ይስቃል፤ አንዱን ማስጠንቀቂያ የናቀ ደግሞ ቀሪዎቹንም ይንቃል። እውነተኛው አደጋ መያዝ ሳይሆን መቃጠል ነው፤ በዚያ ላይ ባትሪ ሲሞላ ከሚወጣው ጋዝ የተነሣ በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።

ለዚህ አደጋ ሕዝቡ የራሱ ቃል አለው፤ ‹‹ኮንታክት››። ‹‹እሳቱ የተነሣው በኮንታክት ነው›› ሲባል የማይገባው የከተማ ነዋሪ የለም። በመጻሕፍት ‹‹አጭር ዑደት›› ቢባል ግን የዑደት አጭርነት ለምን እንደሚያስፈራ ለማንም አይታይም። እርግጥ ‹‹ኮንታክት›› በመጣበት ቋንቋ መልካሙንም መጥፎውንም መነካካት የሚያመለክት ሲሆን በአማርኛ መጥፎው ብቻ ቀርቶለታል። ቃል በተሰደደበት አገር ትርጉሙን ማጥበቡ ግን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለእኛ የሚበጀውም ይኸው የጠበበው ትርጉሙ ነው።

8. የጋራዥ ቃልና የመዝገብ ቃል

በ1960ዎቹ የተቋቋመው የቋንቋ አካዳሚ የስያሜ ምንጮችን በቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ አማርኛን ከፊት፣ ቀጥሎ ግዕዝንና ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን፣ በመጨረሻም የውጭ ቃላትን ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚህ ብዙ ዓመታት የፈጀ ልፋት ፍሬ ነው። ሥራው ታላቅ መሆኑን እንመሰክራለን። የምንተቸው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ‹‹አማርኛ›› ሲል የጋራዡን አማርኛ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን ጥያቄ በግልጽ አለመመለሱን።

መኪና ወደ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1900 ዓ.ም. አንሥቶ፣ በተለይም ከኢጣሊያ ወረራ ወዲህ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ናስትሮ የተባሉት ቃላት በአማርኛ ድምፅ ተገርተው፣ በአማርኛ ብዙ ቍጥር ረብተው ኖረዋል። ‹‹ቡሎኖቹን››፣ ‹‹በናስትሮው›› የሚል ሰው የኢጣሊያ ቋንቋ እየተናገረ አይደለም። እነዚህን ‹‹የውጭ ቃላት›› ብሎ ከሰልፉ ጭራ ማስቀመጥ፣ ማንም የማያውቀውን አዲስ የግዕዝ ስያሜ ደግሞ ‹‹የአገር ቃል›› ብሎ ከፊት ማስቀደም፣ ለቃሉ ዘር እንጂ ለቃሉ ኑሮ አለማሰብ ነው።

ለዚህ የሚሰጠውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። የጋራዥ ቃል ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ትርጉሙ ይንሳፈፋል፤ ሁሉን ብንቀበል የአማርኛ ሥር የመራባት ኃይሉ ይደክማል ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። የኛም ሐሳብ ሁሉም ይግባ የሚል አይደለም፤ ‹‹ግሪል›› ባለበት ‹‹ፍርግርግ››ን፣ ‹‹ከበሮ›› ባለበት ‹‹ማጠንጠኛ››ን የመረጥነው ለዚሁ ነው። መለኪያችን አንድ ነው፤ ቃሉ በመኪናው አጠገብ ለቆመ ሰው ሲነበብለት እጁ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሄደ ወይስ አልሄደም? ይህን ፈተና ያለፈ ቃል ከየትም ይምጣ ይያዝ፤ የወደቀ ቃል ከግዕዝም ቢመጣ ይቅር። ፈተናው የሚደረገው በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከመገናኛ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት ጋራዦች ውስጥ ነው።

ማጠቃለያ

ትችት ያለ አማራጭ ግማሽ ሥራ ስለሆነ፣ ናሙናውን ከላይ ባልነው መሠረት እንዲህ አድርገን እናቀርባለን፦

‹‹ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ይንቀሉ፤ መኪናውን በእጅ ፍሬን ይያዙ። የመጐተቻ ገመዱ አለመወጠሩን አይተው የእጅ መቆጣጠሪያውን ከሶኬቱ ይንቀሉ። ቀለበት፣ ሰዓትና ሐብል ያውልቁ። መጀመሪያ በባትሪው የመቀነስ ጫፍ ላይ የታሰሩትን ገመዶች ሁሉ ፈትተው ያርቁ፤ መኪናው ሁለት ባትሪ ካለው የሁለቱንም። ይህ ካለቀ በኋላ ወደ ዊንቹ የሚሄደውን የኃይል ገመድ ከመደመር ጫፍ ፈትተው ጫፉን በናስትሮ ይጠቅልሉ። እያንዳንዱ ገመድ ከየት እንደ ተፈታ ምልክት ያድርጉ። ፍርግርጉን መፍታት የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። መልሰው ሲያስሩ የመደመሩን አስቀድመው የመቀነሱን በመጨረሻ ይሰሩ። መፍቻዎ የመደመሩን ጫፍና ቦዲውን በአንድ ጊዜ ከነካ ኮንታክት ይፈጠራል፤ ያቃጥላል።››

ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ውበትም አንጨምርበትም። ነገር ግን ከናሙናው የማይገኙ አራት ነገሮች አሉበት፤ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ የትኛውን ገመድ፣ በምን ቅደም ተከተልና ባያደርግ ምን እንደሚደርስበት። ተርጓሚዎችና የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ያቀረብናቸውን ስያሜዎች በየጋራዡ ፈትነው፣ የሚወድቁትን ከነምክንያታቸው ቢጽፉልን የሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር ከዚህኛው የተሻለ ይሆናል።